የቡልኮው መንገድ

ያስያዘኝ ካርታ ነው። የወባ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሶፍ ዑመር በታች ያለውን ቆላ በእግሬ እየዞርኩ ቤቱን፣ ወንዙን፣ ውሃ ያቆረውን ቦታ በእርሳስ እስላለሁ፤ ትኩሳት የታየበትን ቤት በቀይ እነጥባለሁ። ሮቤ ኬላ ላይ ቦርሳዬን የፈተሸው ካድሬ ነጥቦቹን አይቶ፣ «ይሄ ሁሉ የወንበዴ ቤት ነው?» አለኝ። የወባ ነው ብል ማን ሰምቶኝ!

ጎባ ወስደው ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት አጎሩኝ። ስገባ የታየኝ ጀርባ ብቻ ነው። ከብርዱ የተነሳ ሰው ሁሉ ተጣብቆ ተኝቷል፤ ለእኔ የተረፈችኝ በሩ ሥር ያለችው እርጥብ ሲሚንቶ ነበረች። አንድ ሽማግሌ፣ የሲናና ገበሬ፣ ከወዲያ ጥግ ተነስተው መጡና ቡልኳቸውን አለበሱኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ» እያሉ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል።

ሌላ የሚያናግረኝ አልነበረም፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ሰዎች በትኩሳት መውደቅ ጀመሩ፣ አንዱም ሞተ። ግርሻ የሚባለው፣ ለቀቀ ሲሉት የሚመለሰው ትኩሳት መሆኑ ገባኝ፤ በቅማል እንደሚተላለፍ አውቃለሁ። የሥራ አመሌ ተነሳብኝና መቼ ታመምክ፣ የት ትተኛለህ እያልኩ መዞር ያዝኩ። እስር ቤት ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ ጆሮ ጠቢ ነው። ስጠጋቸው ወሬ ያቆማሉ። በሰው መሀል ሆኖ ብቻ መቅረት እንደዚያ እንደሚከፋ አላውቅም ነበር።

በከሰል ቁራጭ ክፍሉን ግድግዳው ላይ ሳልኩት፤ የታመመውን ሁሉ በነጥብ። ምንም አልገጥም አለኝ። አንዱ በሩ ሥር፣ ሌላው መስኮቱ ጋ። ስህተቴ ጤነኞቹን መተዌ ነበር። ሽማግሌውን አልሳልኳቸውም፤ ደህና ናቸዋ! ቡልኳቸው ያረፈበትን ቦታ በመስመር ባያያዝኩት ጊዜ ግን መስመሩ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ነካ። አዲስ የገባውን ሁሉ የሚያለብሱት እሳቸው ነበሩ። እኔንም ማንቀጥቀጥ ጀምሮኛል።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የፈራሁት ካድሬውን አይደለም፤ «አካም ቡልቴ» የሚለኝን ሰው እንዳላጣ ነው። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሰው ወደቀ።

«አባቴ፣ በሽታው የሚዞረው በቡልኮው ነው» አልኳቸው፣ መስመሩን እያሳየሁ።

ብዙ አዩት። «አዟሪው እኔ ነኝ በለኛ» አሉ።

ከዚያ ተነስተው በኦሮምኛም በአማርኛም ለክፍሉ ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ። ዘበኛውን ለምነው የወጥ ቤቱን በርሜል አስፈቀዱ፤ ሊቀቀል ከተሰበሰበው ልብስ መጀመሪያ የሰጡት የራሳቸውን ቡልኮ ነው፣ በወግ አጥፈው። የግድግዳውን ካርታ በምራቄ አጠፋሁት።

ቡልኮው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ገና ሳይደርቅ ሽማግሌው ተጠሩ። «ብርድ ነው» አልኳቸው።

«ሲደርቅ ለሚመጣው አልብሰው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። በሸሚዝ ወጡ፤ አልተመለሱም።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ እኔም ተርፌ ተነሳሁ። ቡልኮውን በሩ ሥር ለወደቀ አዲስ እስረኛ አለበስኩት። ሲነጋ «አካም ቡልቴ» አልኩት።

በቅርቡ ሮቤ ላይ አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ በኮምፒውተር የሠራችውን የትኩሳት ካርታ አሳየችኝ። ያማረ ነው። ጤነኞቹንም አስገቢ አልኳት። ለምን ስትለኝ፣ ስማቸውንም ጠይቂ አልኳት። ያን ሁሉ ሰው ስጠይቅ ከርሜ፣ የሽማግሌውን ስም ያወቅኩት ዘበኛው ከበሩ ሲጠራቸው ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።