ባለቀለበቶቹ አርባ ዓሦች

ጡብ ፋብሪካው ውስጥ «ሚሊ» ነበር የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሞ ዘንግ ያቃና፣ ጥርስ ያወጣ ሰው ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ካለፈበት ሥራውን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። የሸሚዙ ኪስ ያለ ካሊፐር፣ ያለዚያ ሚሊሜትር መለኪያ ብረቱ፣ ታይቶ አያውቅም። ባለቤቱ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ዳቦውንም ለክቶ ይቆርስልናል» እያለች ጎረቤት ስታስቅ፣ ከሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ከግቢው ጀርባ የጡብ አፈር የወጣበት ትልቁ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ኩሬ ሆኖ ነበር። ሥራ የፈቱ አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ዓሣ ሊያረቡበት ተረከቡት። ጥበቃው ለሚሊ ታላቅ ወንድም ተሰጠ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካውን ምድጃ እሳት ሲቆሰቁስ የኖረ ነው። ኩሬው ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት ገባና፣ እሳቱን ያይ እንደነበረው ውሃውን ሲያይ ይውል ጀመር።

ኩሬው ውስጥ ሁለት ዓይነት ዓሣ ነበር። አንዱ ገበያ የሚወደው ቆሮሶ፣ ሰፊና ቅርፊታም። ሌላው አምባዛ፣ ጢማም፣ ጭቃ ውስጥ አድብቶ የቆሮሶ ጫጩት የሚውጥ። ታላቅየው አምባዛውን አይነካውም። ይባስ ብሎ በሳምንት ሁለት ቀን በጥቅጥቅ መረብ ጣት ጣት የሚያህሉትን ቆሮሶዎች እየዛቀ ለዶሮዎቹ ይበትናል።

ሚሊ ይህን ባየ ጊዜ ደሙ ፈላ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሕፃን እኮ ነው የሚፈጁት!»

«እኔ የማየው አፍ ነው። ይሄ ውሃ የሚያበላው ልክ አለው።»

«ልኩን ማን ለካው?»

«ዓይኔ።»

«ዓይን ይሳሳታላ!»

«ያ ብረትህስ?» አለ ታላቅየው የሚሊን ኪስ በአገጩ እየጠቆመ፤ «ዓሣ አርብቶ ያውቃል?»

ማኅበሩ ግን ካሊፐሩን መረጠ፤ ሚሊ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሴንቲ የሆነ የናስ መለኪያ ሠራ፤ መለኪያውን ያልሞላ ዓሣ ወደ ውሃው ይመለሳል። ጥቅጥቁ መረብ ተወገደ፤ ትንንሾቹ እንዲያመልጡ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ተገዛ። አምባዛዎቹ አንድ በአንድ በመንጠቆ ወጡ፤ በአንድ በጋ ስልሳ አራት። አባላቱ አጨበጨቡለት። ታላቅየው ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ አየና «ሠራተኛ አባረርክ» ብቻ አለ።

በመጀመሪያው ዓመት ዓሣው በዛ። ዳር የቆመ ሰው ጥላው ውሃው ላይ ሲያርፍ ሺሕ ነገር ይተራመሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን መለኪያውን የሚሞላ ዓሣ እያነሰ መጣ። በሦስተኛው ከመረቡ የሚወጣው ቅጠልና ጭቃ ሆነ። ማለዳ ማለዳ ቆሮሶዎቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሚሊ «ይኸው፣ ሞልተዋል» ይላል፤ ታላቅየው «አየር አጥሯቸው ነው» ይላል።

ሚሊ እንዲህ ብሎ አሰላ። ትንንሾቹ አሉ፤ በዓይን ይታያሉ። ትንሽ ነገር ያድጋል። ትልልቆቹ ከሌሉ የወሰዳቸው ሰው አለ።

ለማንም ሳይነግር ከመዳብ ሽቦ አርባ ቀለበት ሠራ። እያንዳንዱን በትንሽ ማህተም ቁጥር መታበት። አርባ ትንንሽ ቆሮሶ በመንጠቆ አጥምዶ ቀለበቶቹን ከጀርባ ክንፋቸው ሥር አሰረ፤ ቁመታቸውን በደብተር መዝግቦ ለቀቃቸው። በዓመቱ መረቡ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጎተተ። አንድም ቀለበት አልወጣም።

ስብሰባው የተደረገው በፋብሪካው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ነበር። ሁሉም ዱሮ በሚቀመጥበት አግዳሚ፣ በየራሱ ሳጥን ፊት ተቀምጧል። ሚሊ ደብተሩን ይዞ ቆመ።

«አርባ ዓሣ በቁጥር ለቅቄ ነበር። አንዱም አልተመለሰም። ኩሬው ዳር የሚያድረው ሰው ደግሞ አንድ ነው።»

ታላቅየው ቀና አለ። «እኔን ነው?»

«አንተን ነው።»

ሚሊ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ወንድሙን «አንቱ» እንጂ «አንተ» ብሎ አያውቅም። የቀሩት አሥራ ሰባት ሰዎች ጫማ ጫማቸውን አዩ። ታላቅየው የኩሬውን በር ሰንሰለት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አኖረና ወጣ። በማግስቱ ሴት ልጁ ወደምትኖርበት ከተማ ሄደ፤ ዶሮዎቹን እንኳ አልወሰደም።

አራት ዓመት አለፈ። ሌላ ጥበቃ ተቀጠረ። ትልልቆቹ ግን አልመጡም። ሌባ የተባለው ሰው ሄዶ ስርቆቱ አለመቆሙ ብቻውን ሊያነቃው ይገባ ነበር፤ ሚሊ ግን አዲሱን ጥበቃ እንቅልፋም ነው ብሎ አለፈው። በኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚቆጨው ይህ ነው። ክፍተቱ ፊቱ ተገትሮ ሳለ አልለካውም።

በአምስተኛው ዓመት የኩሬው ዳር ተሰነጠቀና ለጥገና ውሃው በፓምፕ ተቀነሰ። ውሃው ጉልበት ላይ ሲደርስ ሚሊ ቦት ጫማውን አድርጎ ገባ። ጭቃው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ዝቅ ብሎ አነሳት። መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቀለበት። በአውራ ጣቱ ጠረገው። አሥራ ሰባት።

ጠበቅ ሲያደርጋት አፏ ተከፈተና የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ጫጩቶች ከውስጡ እየተንጠባጠቡ ውሃው ላይ ፈሰሱ። እናት ናት። ሕፃን ናት ብሎ የመለሳት ዓሣ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ካሊፐሩን አወጣ፤ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር። እስከ ማታ ሃያ ስድስት ቀለበት አገኘ። አንዷን ዓሣ ወደ መረቡ ዓይን አስጠጋት፤ ክንፏ እንኳ ሳይነካ አለፈች። ለካ ባለቀለበቶቹ የትም አልሄዱም፤ በየጊዜው በራሱ መረብ ቀዳዳ ሲያልፉ ነው የኖሩት።

ቤት ገብቶ ደብተሩን ገለጠ። ቁጥር አሥራ ሰባት፣ አንድ መቶ አሥራ አራት። በአምስት ዓመት ሦስት ሚሊሜትር።

ባለቤቱ ጓሮ ውስጥ ተጨናንቆ የበቀለውን ካሮት እየነቀለች ታሳሳ ነበር። የሆነውን ነገራት። እጇን ሳታቆም ሰማችው።

«ሳላሳሳ የተውኩት ጊዜ ትዝ ይልሃል? መደቡ ሙሉ ክር ሆኖ ቀረ። አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው። ቢካፈሉት ለማንም አልደረሰ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ የምትጠይቀው ብረትህን ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ኩሬው በዓመት የሚያወጣው ምግብ የተወሰነ ነው፤ ፀሐይና ጭቃ ከሰጡት አያልፍም። ማለዳ ላይ የሚተነፈሰውም አየር እንደዚያው። አምባዛውና የወንድሙ ጥቅጥቅ መረብ ትንንሾቹን ባነሱ ቁጥር የቀሩት ይጠግባሉ፣ ያድጋሉ። እሱ ሁለቱንም አባረረ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ታላቅየው በልጁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የወንበር መቀመጫ በገመድ ይጠልፋል፤ ልጁ አጠገቡ ቡና ትቆላለች። ሚሊ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አኖረለት።

ታላቅየው ከዓይኑ አርቆ አየው። «ስንት ሆነች?»

«አንድ መቶ አሥራ ሰባት።»

«ከርማ እዚያው ናት በለኛ።» ቀለበቱን መለሰለት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እዚህ ማን ይሰማሃል? ይቺ ልጄ ናት፤ እሷ ድሮም ሌባ አላለችኝም። አንተ የተናገርከው ሰው ፊት ነው።»

«ሰው ፊት እመልሰዋለሁ።»

«እሺ።» ገመዱን ወደ ራሱ ሳበ። ሚሊ ሊነሳ ሲል፣ «አምባዛ ልትከት ነው?» አለው።

«አዎ፣ ከወንዝ አስመጣለሁ።»

«ሃያ ይበቃል። ካበዛሃቸው ደግሞ እነሱ ይራባሉ።»

ሚሊ ለእሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠራ። ልብስ መቀየሪያውን ራሱ ጠረገ፤ አግዳሚዎቹን ወለወለ። አምስት ሰው መጣ። ስድስቱ ሞተዋል፤ ስድስቱ ዓሣው ከጠፋ በኋላ ማኅበሩን ትተው በየፊናቸው ተበትነዋል። ሃያ ስድስቱን ቀለበቶች አግዳሚው ላይ፣ ያን ቀን ቁልፉ በተቀመጠበት ቦታ ዘረገፈና ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አንዳች አላስቀረም።

«አንተ ደግሞ፣ ይሄ የጥንት ነገር ነው፤ እኛ እኮ ረስተነዋል» አለ አንዱ፣ ሊያቀልለት ብሎ።

«ጋሼ አልረሳም።»

ስብሰባው እንዳለቀ ለወንድሙ ልጅ ደውሎ ነገራት፤ ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች።

«አጎቴ፣ ለአባባ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ስንት ሰው ነበር?› አሉኝ። አምስት አልኳቸው። ‹ያን ቀን አሥራ ሰባት ነበሩ› አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።»

ሚሊ አምባዛዎቹን ከከተተ በኋላ ደብተሩን አወጣ። ከቀለበቶቹ መዝገብ ጀርባ ስብሰባው ላይ ያልነበሩትን የአሥራ ሁለቱን ስም ጻፈ፤ በሕይወት ያሉትን ስድስት ከላይ፣ የሞቱትን ስድስት ከታች። መጀመሪያ የሄደው ዱሮ ጡብ ይጭን ወደነበረው ሹፌር ቤት ነው። ሽማግሌው ጆሮው ከብዶታል፤ ሚሊ በሩ ላይ ቆሞ መጮህ ነበረበት።

«ምን? ማን ሰረቀ?»

«ማንም አልሰረቀም! ወንድሜ አልሰረቀም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞር ዞር አለ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ድሮም አላመንኩህም» አለ። «ያኔ መናገር ነበረብኝ። ታዲያ እሱ የታለ? አብሮህ አልመጣም?»

«አልመጣም።»

ሚሊ እርሳሱን አውጥቶ አንድ መስመር ሰረዘ። ከላይ አምስት ቀሩ። የታችኞቹን ስድስት ለትንሽ ጊዜ አያቸውና ደብተሩን አጥፎ፣ ካሊፐሩ ካለበት ኪስ ውስጥ ከተተው።