ሁሉም «አለሁ» ያሉበት ቀን

የወንድሜ ልጅ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር መረብ ጠባቂ ናት። የማሽኖቹን ድምፅ ቆማ ስለምታዳምጥ ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። እዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ዝግ ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ኮንቴይነር ይሉታል። ከሣጥን ወደ ሣጥን መልእክት የሚያደርሰው አንድ ተላላኪ ፕሮግራም ነው። ይህ ተላላኪ ጉድለት እንዳለበት ከሦስት ሳምንት በፊት ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር፦ «ቀሪው ይከተላል» ብሎ ቀሪውን የማይልክ መልእክት ከደረሰው፣ ያንኑ ቀሪ ሲጠብቅ እንደቆመ ይቀራል። ለማስተካከል ሁሉን ለአሥር ደቂቃ ማቋረጥ ያስፈልጋል። አለቃዋ ግን «የሚሠራን ነገር አትነካኪ» አሏት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከማዋለጃ ክፍል ተደወለ። የአንዲት ወላድ ደም አልቆም ብሏል፤ የደም ዓይነቷ ውጤት አልደረሰም። ላቦራቶሪው «ከላክን ቆየን» ይላል። የሣጥኖቹን ደኅንነት የሚያሳየውን ሰሌዳ በኮምፒውተሯ አየች፤ ሁሉም አረንጓዴ። ሰሌዳው በየደጁ እየዞረ «አለህ?» ይላል እንጂ «የሚሰማህ አለ?» ብሎ አይጠይቅም። መቶ ያህሉ ሣጥን ሁሉ «አለሁ» ይላል፤ አንዱ ሌላውን ግን አይሰማም። እኛስ በየቤታችን «አለሁ» እየተባባልን ስንት ዓመት እንኖራለን?

ተላላኪውን አጥፍታ አስነሣችው። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ዳግም ቆመ። ለአለቃዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሁሉን ላቋርጥ ነው።»

«አብደሻል? አረንጓዴ ነው እኮ!»

«ሬሳም ከሩቅ ሲያዩት የተኛ ይመስላል።»

«ኋላ እኔ እጄ የለበትም!»

«መቼ ኖሮበት ያውቃል፣ ጋሼ?»

ውጤቱን በወረቀት ጽፈው በሰው እንዲልኩ ላቦራቶሪ ደወለችና መረቡን ሁሉ አቋርጣ ተላላኪውን አስተካከለች። ወረቀቱ ደረሰ፤ ወላዷ ደም ተሰጥቷት ተረፈች።

የታከመው ተላላኪ ቀሪው ያልመጣለትን ግማሽ መልእክት እየጣለ ማለፍ ጀመረ። ያ ግማሽ መልእክት ግን በየሁለት ደቂቃው መምጣቱን አልተወም። የጠላት ሥራ መስሏት ዱካውን ተከተለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ጥግ፣ አንድ ባዶ አልጋ ራስጌ አደረሳት። በሽተኛው ያረፉት ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ክፍል ልማድ የልብ ትርታ መቁጠሪያውን ገመድ ከገላ ይነቅላሉ እንጂ ማሽኑን አያጠፉም፤ ዳግም ለማስነሣት ጊዜ ይፈጃልና። ማሽኑም የትርታውን መልእክት ጀምሮ «ቀሪው ይከተላል» ይላል፤ የሚቆጥረው ትርታ ግን የለም።

«አጥፊው እንጂ!» አለች የክፍሉ ነርስ እየሳቀች። «ማሽን ትፈሪያለሽ?»

«እባክሽ እህቴ፣ አንቺ አጥፊው። እስካሁን ‹ቀሪው ይከተላል› እያለ ነው።»

ነርሷ እጇን ዘረጋች። አልነካችውም። ሁለቱም ቆመው ቀጣዩን ሁለት ደቂቃ ጠበቁ።