ሙሴ ሃጎፕ ፊቱን እስኪያዞር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ኦርኬስትራ እያየች ሳቀች። «አያዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምንም አይጫወትም እኮ! እንጨት እያወዛወዘ ጭብጨባውን ይወስዳል» አለችኝ። ሰው ያለ ፍርድ ሲታማ አልወድም። ቁጭ በይ አልኳትና ይህን ነገርኳት።

በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ያቋረጥኩ ኮረዳ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አብዲ ቀን ቀን የባቡር ጋራዥ ይሠራል፣ ማታ ክላርኔት ይነፋል። አንድ በጋ ስሙ የገነነ አርመናዊ የኦርኬስትራ መሪ ተጫዋቾቹን ይዞ ከአዲስ አበባ በባቡር እኛ ከተማ ድሬዳዋ መጣ። ድሬ ላይ የውጭ ሰው ሁሉ ሙሴ ስለሆነ፣ ሙሴ ሃጎፕ አልነው። ክላርኔት ነፊው በወባ ሲወድቅበት አጠያይቆ አብዲን አገኘው። አስነፍቶ ሰማውና፣ «ዝግጅቱ ላይ ካላሳፈርከኝ ይዤህ እሄዳለሁ» አለው። እናቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም።

ልምምዱ ከዚራ ሰፈር፣ የፈረንጆቹ ክበብ ግቢ ውስጥ ነበር። እኛ ማዶ ያለን የመጋላ ሰፈር ሰዎች የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ ትኩስ አሸዋ አቋርጠን፣ ዘይቱን የምንለውን ጓቫ እየገመጥን፣ ከሽቦው አጥር ውጪ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንቆማለን። የድሬ ሰው ሙዚቃ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ያጨበጭባል፣ አብሮ ይዘፍናል፣ «አቦ ድገመው!» ይላል። ሙሴ አጥሩ ድረስ መጥቶ በአማርኛ፣ «ፊቴን ሳላዞር ጭብጨባ የለም። መሃል ላይ ብናቆም አላለቀም፤ ትንፋሽ ነው» አለን። መጀመሪያ ሳቅንበት። ውሎ አድሮ ግን ሳምቡሳ ሻጯ እንኳ በምልክት መሸጥ ጀመረች። ዝም ሲሉት ለካ ሙዚቃ ውስጥ ስንት ነገር አለ!

በዝግጅቱ ምሽት ባለወንበሮቹ የክበቡ እንግዶች ውስጥ፣ እኛ ውጪ። እናቴ ሱቅ ስለምትውል ልምምዱን አንድም ቀን አላየችም። የአብዲ ክላርኔት ብቻውን ሲያንጎራጉር ቆይቶ ሁሉም ጸጥ ሲል፣ ያለቀ መሰላትና እልልታዋን አቀለጠችው።

አንዱ የክበቡ ሹም ዘሎ ተነሳ። «እነዚህን አባርሩ! ያንን የእነሱንም ልጅ አውርዱት!» ዘበኛው ዱላውን አነሳ። አብዲ ክላርኔቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀረቀረ።

ፊት ወንበር ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከጅምሩ ብርጭቆ እያጋጨ ሲስቅ ነበር። ደሜ ፈላ። ሽቦውን ጨብጬ ጮኽኩ፤ «ሙሴ! ዋላሂ ይሄ ፍርድ አይደለም! እናቴ አንዴ እልል ብትል ትባረራለች፣ ያ ሲያሽካካ ያመሸውን ማን ነካው?»

«አቦ ዝም በይ፣ ጨረስሽኝ!» አለ አብዲ ከወንበሩ።

ሙሴ እንጨቱን አስቀመጠ። ለባለወንበሮቹ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ሲላቸው ብርጭቆው ሁሉ ከእጅ ወረደ። ወደ እኛ ዞሮ፣ «ደንቡ አንድ ነው። እነሱም ዝም፣ እናንተም ዝም። ልጁ የትም አይሄድም» አለና ያንኑ ክፍል እንደገና አስጀመረ።

አብዲ እንደዚያ ነፍቶ አያውቅም። ሲያልቅ ሙሴ መጀመሪያ ፊቱን ያዞረው ወደ አጥሩ ነበር። ሰፈሩ በጭብጨባ ተናጋ። እናቴ ግን የሻሿን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች።

«እማ፣ አሁን እኮ ይቻላል። እልል በይ!»

«ይቅርብኝ ልጄ። ደግሞ ሌላ ነገር ባጠፋስ?»

አብዲ ከሙሴ ጋር ሄደ፤ ዕድሜውን ሙሉ በክላርኔት ኖረ፣ ስንቱን የድሬ ልጅም አስተማረ። ሙሴ ፍርድ የሚያውቅ ሰው ነበር። ማዳመጥን የተማርነው ከእሱ ነው። ቢሆንም የክበቡን በር አላስከፈተልንም፤ የእናቴ እልልታም ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ምስጋናውን ስሰጠው ይህንንም አልተውለትም።

አሁን ሬዲዮ ላይ ክላርኔት ከሰማሁ ቤቱን ጸጥ አሰኘዋለሁ። እስኪያልቅ ትንፍሽ የለም። ሲያልቅ ግን እልልታውን እለቀዋለሁ፤ መጀመሪያ የእናቴን፣ ቀጥሎ የራሴን። ጎረቤቶቼ በመስኮት ብቅ ይሉና «ምነው፣ ማን ተዳረ?» ይሉኛል።