ገዳሪፍ ሳልሻገር

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ወገራ አልመለስም ብዬ ተነስቻለሁ። ስሙ ይባረክ! በሩ አጠገብ ያለኸው ወንድሜ፣ መዝጊያውን ገርበብ አድርግልኝ፤ ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም። አትሳቁ! ጌታ ብዙ ነገሬን ቀይሯል፣ ይህን ግን ገና እየሠራበት ነው።

እኔ ሰው አላምንም ነበር። ገበያ ላይ አንዱ ሸጋ ዋጋ ቢሰጠኝ፣ ምን አውቆ ነው ብዬ ከብቴን ይዤ እመለሳለሁ። ታዲያ ሱዳን ገዳሪፍ እርሻ ላይ ሥራ አለ ሲባል ሰማሁና ለመሄድ ቆረጥኩ። ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ መከረኝ። «ምነው በመስከረም? ቆላው ወባ ነው፤ ታኅሣሥ ይድረስ። በሬዎችህንም ወይ እዚሁ ሽጣቸው፣ ወይ ለኔ ተዋቸው» አለ። እኔም በልቤ «አሃ! መሬቴን ሊቀማኝ ነው፤ እስከዚያ ያዘናጋኛል» አልኩ። መተማ በሬ ይወደዳል ብለውኝ ስለነበር፣ በማግስቱ ሁለቱን በሬዎቼን እየነዳሁ ወጣሁ።

ከጭልጋ በታች ዝንቡ ፈጃቸው። ጠጉራቸው ቆመ፣ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ገንዲ የሚሉት የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የከብት በሽታ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ ቀረ፣ ሌላውን ለሥጋ ሸጥኩት።

መተማ ላይ አንድ ደላላ አገኘሁ። ወንድሞቼ፣ ከሰው ሁሉ እሱን ብቻ አመንኩ! ለምን በሉኝ። እሱም እንደኔ ሰው አያምንማ! «ነጋዴው ሌባ፣ ጠባቂው ሌባ» እያለ ሲያማ ልቤን ወሰደው። የሱዳን ገንዘብ እንዲመነዝርልኝ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እየመነዘረ ነው።

ከዚያ የወባው ንዳድ ጣለኝ። ከክሊኒኩ አንድ ድሬሰር መጥቶ ኪኒን ሰጠኝ። ከናንተ እምነት መሆኑን ሰምቼ ነበርና፣ ሃይማኖቴን ሊያስለውጠኝ ኪኒኑ ላይ ያስነካው ነገር አለ ብዬ ከምላሴ ሥር ደብቄ ተፋሁት። ደጋግሜ ተፋሁት። አንድ ቀን እግሬን እያጠበ ሳለ፣ «እንደምትተፋው አውቃለሁ» አለኝ።

«ከኔ ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«አያ፣ ካንተ የሚወሰድ ምን ቀርቶሃል?»

ራሴን አየሁ። እውነቱን ነው! ከቁምጣዬ በቀር ምንም የለኝም። ሊሰርቀኝ ካልሆነ ይህ ሰው ለምን ያጥበኛል? አለቀስኩ። «የላከህ ማነው?» ስለው ስለ ኢየሱስ ነገረኝ፣ ጸለየልኝም። ኪኒኑንም ዋጥኩት። «ያዳነህ እኮ መድኃኒቱ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይሁን! እኔን ኪኒን ያዋጠኝ ግን ጌታ ነው። ሃሌ ሉያ!

ስድን ገዳሪፍን ትቼ ወደ አገሬ ወጣሁ። ከመሬቴ ስደርስ አያ ደሴ ከነሰዎቹ ገብሴን ያጭዳል። ጌታን ያወቀው ልቤ እንኳ ተነሳ። «አላልኩም!» ብዬ ዱላዬን ጨብጬ ተጠጋሁ። ሲያየኝ ማጭዱ ከእጁ ወደቀ። አላመነኝም፤ መንፈስ መስዬው አማተበ። ለካ አንድ ነጋዴ እኔን መተማ ላይ ሞተ ብሎ አርድቷቸዋል።

«እህሌን ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ለተዝካርህ» አለኝ፣ እያለቀሰ። «የራሴንም ወይፈን አስሬልሃለሁ።»

ወጣቶች ሆይ፣ ሱዳን የምትሄዱ ሂዱ፤ እኔ አልከለክልም። በበጋ ውረዱ፤ ከብት ቆላ አትንዱ፤ ለመመለሻ የሚሆናችሁን ለይታችሁ ያዙ፤ ደላላ ደግሞ ሌላውን ሲያማ አይጣፍጣችሁ። መሬታችሁን ግን ለወንድማችሁ ስጡና ሂዱ።

አያ ደሴ ዛሬም ጸረ ማርያም ሆነሃል እያለ ይቆጣኛል፣ እናንተንም ይጠረጥራችኋል። ልክ እንደኔ ነው፤ ጸልዩለት። ያን ቀን ግን ወይፈኑ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ለሟች የተጠመቀው ጠላ ቀረበ። ወገኖቼ፣ የገዛ ተዝካሩን ተቀምጦ የበላ ሰው ፊታችሁ ቆሟል! እኔ ያመንኩትን ጌታ እናንተ የምትጠራጠሩት በምን ምክንያት ነው?