ሲሞላ የሚነሳው ባቡር

በዚህ ትረካ ውስጥ ልሳሳትባቸው የምችላቸው ነገሮች አሉ። የባቡሩ ራስ ቀይ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ባለቤቴ አረንጓዴ ነበር ትላለች። ፉርጎዎቹ አራት ይመስሉኛል፤ አምስትም ሊሆኑ ይችላሉ። ትዝታዬን በማስረጃነት ለማቅረብ አልደፍርም፤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ለእኔ ወደሚመቸኝ ጎን እንደሚያዘነብል ደርሼበታለሁና።

አሻንጉሊት ባቡሩን ከነሐዲዱ ገዝቼ ወደ ዲላ ያመጣሁት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ነው። ልጃችን ስድስት ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ነበር፤ የምትማርበት አጸደ ሕፃናትም እዚያው ግቢ ላለው አንደኛ ክፍል መድረስ አለመድረሷን ሊፈትናት ነው። ካለፈች ከጎረቤታችን ልጅ፣ መራመድ ከጀመሩ ወዲህ ካልተለያየቻት ጓደኛዋ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች፤ ካላለፈች ጓደኛዋ ስትሄድ እሷ ትቀራለች። እኔ ደግሞ ጨዋታ ለሕፃናት አእምሮ ስለሚሰጠው ጥቅም በዩኒቨርሲቲ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ወለል ላይ ቁጭ ብዬ የተጫወትኩበትን ቀን ግን አላስታውስም፤ ይህኛው የማስታወስ ችግር አይመስለኝም።

የካርቶኑ ጀርባ ብዙ ተስፋ ይሰጣል። ባቡሩ ትዕግሥትን፣ መካፈልን፣ መቁጠርን፣ የምክንያትና የውጤትን ዝምድና ያስተምራል ይላል። ሐዲዱን ሳሎን ውስጥ ገጣጠምኩ፤ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ጣቢያ ሠራሁ፤ ባቡር በሰዓቱ እንደሚነሳ ለሁለቱ ሕፃናት በሰፊው አብራራሁ። ገለጻዬ ሳይረዝም አልቀረም፤ ጓደኛዋ መሃል ላይ ተነሥታ ሽንት ቤት ሄዳለች።

ሻይ ይዤ ስመለስ ባቡሩ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። ፉርጎዎቹ ላይ የለስላሳ ቆርኪዎች ተደርድረዋል፤ ልጄ ከጎኑ ቆማ ትጮኻለች።

«ወናጎ፣ ይርጋጨፌ! ወናጎ፣ ይርጋጨፌ! አንድ ሰው የቀረው!»

«ሰዓቱ ደርሷል እኮ» አልኳት። «ይነሳ እንጂ።»

«አልሞላም፣ አባዬ።»

«ባቡር እስኪሞላ አይጠብቅም።»

«ታዲያ ባዶውን ሄዶ ምን ይሠራል?» አለች ጓደኛዋ። ሹፌሩ እሷ ነበረች።

ሻዬን ይዤ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርኪ በተጨመረ ቁጥር አሁንም አንድ ሰው ይቀራል። «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ!» ትላለች ልጄ። ፉርጎው ከአፍ እስከ ገደፉ ከሞላ በኋላ ባቡሩ ተነሣ፤ ገና ከሶፋው ሥር ሳይወጣ ግን «ትራፊክ! ትርፎቹ አጎንብሱ!» ተባለና ቆርኪዎቹ በፊታቸው ተደፉ። እውነቱን ለመናገር ካርቶኑ አልዋሸም። ትዕግሥቱም፣ መካፈሉም፣ ቆጠራውም ነበረ፤ የምክንያትና የውጤት ዝምድናም ከዚህ በላይ አይገለጽም።

እንዲህ ያለ ባቡር በአጸደ ሕፃናቱም አለ፤ በርዕሰ መምህርቷ ቢሮ፣ በተቆለፈ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ። ከበላዩ «በጨዋታ እናስተምራለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሕፃናቱ በመስታወቱ በኩል እንዲያዩት ይፈቀድላቸዋል።

ፈተናው የተሰጠው እዚያው ቢሮ ነው። ርዕሰ መምህርቷ አንድ ሥዕል አወጡ፦ ጣቢያ ላይ የቆመ ባቡር፣ ከበላዩ ሁለት ሰዓት የሚል ትልቅ ሰዓት።

«ባቡሩ መቼ ነው የሚነሳው፣ የኔ ቆንጆ?»

ልጄ ሰዓቱን ትታ መስኮቶቹን አንድ በአንድ መረመረች። «ገና ነው፣ ቲቸር። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።»

«ሰዓቱን እዪው እስቲ።»

«ሲሞላ ነው የሚነሳው።» ከዚያ ለሴትዮዋ ያዘነች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ረዳቱ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል።»

«ዶክተር» አሉኝ ርዕሰ መምህርቷ። ዶክተር አይደለሁም፤ እንዳላረምኳቸው ግን በደንብ አስታውሳለሁ። «ልጅቷ ንቁ ናት። ነገር ግን በዙሪያዋ ያለውን ዓለም ገና አላወቀችም። ሰኞ ደግመን እንያት፤ ያኔም እንዲህ ከሆነች ትደግማለች።»

በዙሪያዋ ያለው ዓለም ጌዴኦ ነው፤ ባቡር አልፎበት አያውቅም። ጓደኛዋ ግን «ሁለት ሰዓት» ብላ አለፈች። «መቼ» ለሚል ጥያቄ ሁሉ መልሷ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልደቷ መቼ እንደሆነ ስትጠየቅም ጭምር።

«አባዬ፣ ከእሷ ጋር አልቀመጥም ማለት ነው?» አለችኝ ልጄ ወደ ቤት ስንመለስ።

ቅዳሜ ይርጋጨፌ እህቴ ዘንድ ልወስዳት መናኸሪያ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ አጊጠውና ሽቶ ተቀብተው የተቀመጡት ርዕሰ መምህርቷ ነበሩ።

«መቼ ነው የምትነሱት?» ይሉታል ረዳቱን።

«አሁን ነው፣ እትዬ! አንድ ሰው ነው የቀረው!»

«ይሄን ካልከኝ ቆየህ እኮ!»

ልጄ ከኋላ አንገቷን አሰገገች። «ሦስት ሰው ነው የቀረው፣ ቲቸር። እሱ ሁልጊዜ አንድ ነው የሚለው።»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ርዕሰ መምህርቷ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሰኞ ዕለት የባቡሩ ሥዕል ከመሳቢያው አልወጣም። «ስድስት ወንበር ባለው መኪና ላይ አራት ሰው ቢቀመጥ ስንት ይቀራል?» ተባለች።

«ሁለት» አለች ልጄ። «ጠጋ ጠጋ ካሉ አራት።»

አለፈች። «በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሻሽላለች» አሉኝ ርዕሰ መምህርቷ፤ አመሰገንኳቸው።

ባለቤቴ የሚኒባሱን ታሪክ እስከ ዛሬ አታምነኝም። «እዚህ ላይ በጣም ተመቻችቶልሃል» ትለኛለች። ልጄን ምስክር ብጠራ የአባቷ ወገን ናት ብላ አልተቀበለቻትም። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ብሆንስ? መስከረም ላይ ሁለቱን ሕፃናት አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጬ ስወጣ ርዕሰ መምህርቷን በር ላይ አገኘኋቸውና ያን ቅዳሜ ይርጋጨፌ ሄደው እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ሄጄ ነበር እንጂ፤ የእህቴ ልጅ ቀለበት ነበር» አሉኝ። «መኪናው እስኪሞላ ጠብቄ ስደርስ ኬኩ ተቆርጦ አልቋል።»