በጋሼ ኪስ የነበረው ቁልፍ

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አጎቴ፣ የእንግሊዙ ክለባቸው ሲጫወት እዚህ ውጭ አገር፣ ማርቲንዴል ሰፈር ያለውን ቤታችንን ቆልፈው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቁልፉን ኪሳቸው ይይዙት ነበር። ይህን የጀመሩት እኔ አንዴ በጨዋታ መሃል ወደ ሥራ ስወጣ ጎል ተቆጥሮብን ዋንጫው ስለቀረ ነው።

"ጋሼ፣ ሺፍት አለብኝ" ስላቸው፣ "ኮል አድርግና አሞኛል በል" ይሉኛል። ከዚያ ክለቡ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳበትን ታሪክ ለመቶኛ ጊዜ ይጀምሩልኛል። እኔ እንደ እስረኛ ሰዓት አያለሁ።

ካረፉ ወዲህ በሩን የሚቆልፍ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን አሙቄ ልወጣ ስል ክለባቸው አንድ ለዜሮ እየመራ ነበር። ባዶ ወንበራቸውን አየሁና ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ሥራ ቦታ ደውዬም አሞኛል አልኩ። የዚያን ቀን ግን አልዋሸሁም።