አበባው ዓሣውን የበላ ለት

ዝናብ የነካው ጆንያ ጥግ ላይ ተረስቶ ሲሰነብት የሚያወጣው ሽታ አለ። ባለፈው ክረምት ያ ሽታ ከጓዳችን በኩል ድንገት ደረሰኝና፣ የማነበውን አስቀምጬ፣ አባቴ ባሕር ወደ ቤታችን ያስገባበትን ዓመት አሰብኩ። የሚከተለውን የምጽፈው ግን እየተጠራጠርኩ ነው፤ ታናሽ እኅቴ ከፊሉን በሌላ መልክ ታስታውሰዋለችና።

የምንኖረው ዛሬ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው የጅማ ሰፈር ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ የቡናው ለቀማ አብቅቶ መንገዱ ሲደርቅ ከሊሙ ገነት ቡና ጭኖ፣ ያኔ የአገራችን ወደብ ወደነበረችው አሰብ ይወርድ ነበር። እናቴን ሰዓዳን ያገኛትና ያገባትም እዚያው ነው። ጅማ ከመጣች ወዲህ አንድም ጊዜ ወደ ወገኖቿ አልተመለሰችም፤ በየዓመቱ መኪናው ሲጫን «ዘንድሮ እኔም እወርዳለሁ» ትለዋለች፣ እሱም «መንገዱ ለሴት አይሆንም፤ ለከርሞ ኢንሻአላህ» ይላት ነበር። በዚያ በጋ ግን ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ከትታ አልጋው ሥር አኖረች። አባቴ ሻንጣውን አየ፣ በማግስቱ ማለዳም ትቷት ሄደ።

ሲመለስ በመኪናው ላይ የባሕር ውሃ የሞሉ በርሜሎች፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ የባሕር ድንጋዮችና በማሰሮ ከያዛቸው ዓሣዎች ከመንገዱ የተረፉ ጥቂቶች ነበሩ።

«ባሕሩ ናፈቀኝ ስትዪ አልነበር? ይኸው፣ አመጣሁልሽ» አላት።

አብራን የምትኖረውን የአባቴን ታላቅ እኅት አዳዳ ፋጡማ እንላት ነበር፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። እሷም «ሰው ከአሰብ ለሚስቱ ሽቶና ሻሽ ያመጣል፤ የእኛ ሰው ድንጋይ በጆንያ!» ብላ ጭኗን መታች። እናቴ ግን ጣቷን ነክራ አሸተተችና «ወላሂ፣ አሰብ አሰብ ይላል!» ብላ ሳቀች።

አባቴ በብረት ፍሬም ላይ የመስኮት መስታወት ገጥሞ፣ ጠርዙን በስቱኮ ደፍኖ፣ ውሃው እስኪጠራ ጠብቆ አሸዋውንና ድንጋዮቹን በጥንቃቄ ደረደረ። ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙም የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በአየር ነፍቶ፣ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ውሃው እንዲተነፍስ ያደርግ ነበር። እናቴ ከሥራዋ ስታርፍ ወንበሯን ከመስታወቱ አጠገብ ታስጠጋ ነበር። ሻንጣው ግን ከአልጋው ሥር አልተነሣም፤ እኔና እኅቴ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነበር።

መጋቢት ላይ ቡናው ሲያብብ ድንጋዮቹም አበቡ። ቡናማ ግንድ፣ በአናቱ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቅጠሎች፣ ውሃው ሲነቃነቅ የሚወዛወዙ። ጎረቤት ሊያይ ይመጣ ነበር፤ አባቴም በዚያ ሰሞን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እናቴ «ያ ረቢ! አበባው ዓሣውን በላው!» ብላ ጮኸች።

አዳዳ ፋጡማ «ማል ከና! ምንድን ነው ይሄ!» እያለች ስትሮጥ እኛም ተከተልናት። ከአበባው መሐል የቢጫው ዓሣ ጅራት ወጥቶ ይርገበገብ ነበር። እናቴ ዓሣውን ልታወጣ እጇን ሰደደች፣ ወዲያውም ጮኻ መለሰችው፤ ጣቶቿ ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቶ ነበር። በኋላ ሥነ ሕይወት ሳጠና ያ አበባ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የመጣ፣ የሚናደፍ እንስሳ መሆኑን አወቅሁ። ጤነኛ ዓሣ መዋጡን ግን እጠራጠራለሁ፤ ምናልባት ዓሣው ቀድሞ ታሞ ይሆናል። የደነገጥነው ድንጋጤ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ለሳምንታት ማሻአላህ ስንለው የኖርነው ነገር አፍ ነበረው።

አባቴ በቡና መካከል ያደገ ሰው ነውና «አረም ነው፤ አረም ደግሞ ይመነጠራል» አለ። ምላጭ ይዞ አንድ በአንድ ቆራረጣቸው። ጥቂት ቆይቶ ከየቁራጩ አዲስ በቀለ፣ መስታወቱ ላይ ሳይቀር። ደግሞ ቆረጠ፣ ደግሞ በዙ። አዳዳ ፋጡማ «ቡናችን በእጅህ እንዲህ ቢራባልን የት በደረስን!» ብትለው አልሳቀም። ክረምቱ ሲገባ ዓሣዎቹ አልቀው፣ መስታወቱን የሞሉት እነዚያው ነበሩ።

ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቀን ክንዱ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲቆርጥ፣ እናቴ በስሜ ጠርታው «ተው አባ ጀማል» አለችው። «እኔ ባሕሩን ከዳር ሆኜ ነው የማውቀው፤ ከሥሩ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። የናፈቀኝ ውሃው መሰለህ? እናቴ ናት የናፈቀችኝ።»

አባቴ እጁን አወጣ። ውሃው ከምላጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ከሄድሽ ትመለሻለሽ?» አላት።

አባቴ ሰው ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴም «ይህን ነበር የምትፈራው? ውሃ በበርሜል ከመጫን እኔን መጫን ይቀልህ ነበር እኮ!» አለችው።

ክረምቱ አልፎ፣ ለቀማው አብቅቶ መንገዱ ሲደርቅ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠላት። ከዚያ ጉዞ ብቻውን ተመለሰ። የመስታወቱን ውሃ ከቤታችን ጓሮ ደፋው፤ እኛም ስለ እናታችን አልጠየቅነውም። ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለስ ግን የጋቢናው የወዲያኛው በር ተከፈተ፣ እናቴም ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮት ወረደች። «ምን ታፈጣላችሁ?» አለችን። አባቴ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ፣ እንደ እኛው አፍጥጦ ያያት ነበር።

ዛሬ በዚያን ጊዜ ከነበረው ከአባቴ ዕድሜ እጅግ አልፌአለሁ፤ ወደ አሰብ የሚወርድ የቡና መኪናም የለም። ባለቤቴ አልፎ አልፎ የቡ ከተማ ወደምትኖረው እኅቷ ትሄዳለች፤ የቡ ደግሞ እዚሁ ጅማ አጠገብ ናት። ቦርሳዋን ይዤ እስከ መናኸሪያ እሸኛታለሁ፣ መቼ እንደምትመለስም አልጠይቃትም። ወደ ቤት ገብቼ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ግን ያው ገጽ ላይ ነኝ።